በረዶ በሌለበት የበረዶ መንገድ



ለአንድ ሴሚስተር የልውውጥ ትምህርት ኖርዌይ ኦስሎ ቆይተን የተመለስን አራት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ከተመለስን ወዲህ የምትጠይቁን ተመሳሳይ ነው፤ “ብርዱ እንዴት ነበር? ሀላል ምግብ ይገኛል? ሶላትስ እንዴት ትሰግዱ ነበር?” የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸው አጭር ነው። ብርዱ ልብስ ላለው ይቻላል፤ ሀላል ሥጋም አይጠፋም። ሦስተኛው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ስለ ሶላት ወቅት፣ ስለ ቂብላና ስለ ውሃ በደንብ የገባን ጫካ ውስጥ፣ ለበረዶ ሸርተቴ በተሠራ መንገድ ላይ በእግራችን ስንሄድ ነውና፣ ያንን መንገድ እንንገራችሁ።

የማን መንገድ ነው?

ስኪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፊልም ላይ ያየነውን፣ ከተራራ አናት ቁልቁል የሚምዘገዘገውን ነው። ኖርዌዮች ከልጅ እስከ አዋቂ የሚወዱት ግን ሌላ ዓይነት አለ። ቀጫጭንና ረጃጅም ስኪ እግር ላይ አስሮ፣ ሁለት ዘንግ ይዞ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም ቁልቁለቱንም በራስ ጉልበት አገር አቋርጦ መሄድ ነው። ለዚህ ተብሎ ጫካ ውስጥ የተከፈተው መንገድ ብዙ ቦታ ላይ የጭነት መኪና የሚያሳልፍ ስፋት አለው። በበረዶ ወቅት ማሽን በረዶውን እየጠቀጠቀ ጥንድ ጥንድ ቦይ ያወጣበታል፤ ሰውየው እግሮቹን ቦዩ ውስጥ አድርጎ ባቡር በሐዲዱ እንደሚሄድ ይሄዳል። በኦስሎ ዙሪያ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1883 የተመሠረተ የስኪ ማኅበር ነው።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ መንገዱ የእግረኛ ይሆናል። ሣር ይበቅልበታል፤ በግና ላም ይግጥበታል፤ ሰዉ የጫካ ፍሬና እንጉዳይ ሊለቅም ይወጣበታል። ስኪ የናፈቃቸው ደግሞ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አድርገው አስፋልት ላይ ሲለማመዱ ታያላችሁ። መግቢያ ክፍያ የለም፤ ዘበኛም የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ በእግሩ እንዲሄድ መብት ሰጥቶታል፤ መሬቱ የግለሰብ ቢሆንም እንኳ። ውሃና ግጦሽ የሰዎች የጋራ ስለመሆናቸው በመድረሳ ለተማርን ልጆች ሐሳቡ እንግዳ አልሆነብንም።

የኛ መንገድ ኖርድማርካ ይባላል። ከኦስሎ በስተሰሜን ያለው ሰፊ የጥድ ደን ነው። በሜትሮው 1ኛ መስመር ተሳፍሮ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ፍሮግነርሴተረን መሄድ ነው። ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 470 ሜትር ገደማ ነው፤ ለኛ ለሀበሾች ይህ ከፍታ ቆላ ነው፣ እዚያ ግን የከተማው ደጋ ነው። ከዚያ በጫካው መሐል ኡሌቮልሴተር ወደሚባለው ማረፊያ ቤት፣ ቀጥሎም ቁልቁል ወደ ሶግንስቫን ሐይቅ ሲወረድ በጠቅላላው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐይቁ አጠገብ ሌላ የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ ወደ ቤት ይመልሳል።

ሁለቱ ስልኮች

ቀኑ መስከረም 12፣ እሑድ ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ወቅት ነው። ባቡር ውስጥ ሳለን ከመካከላችን አንዱ ዐስር የት እንደሚደርስብን ለማወቅ ስልኩን ከፈተ፤ 10 ሰዓት ከ16 አለው። ሌላው የሱን ከፈተ፤ 11 ሰዓት ከ5 አለው። ከተማው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ልዩነቱ ግን 50 ደቂቃ ገደማ!

“ታዲያ የቱ ነው የሚዋሸው?” አለ የወሎው ወንድማችን።

ቀልድ አልነበረም። ይህ ወንድማችን ከአራታችን በሒሳብ የሚበልጠን ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ደርስ የሚያስቀምጡት፣ ኪታብ የጀመረ ልጅ ነበር። ካምፓስ ከገባ በሁለተኛው ዓመት ግን ደርሱን ተወው። ሶላቱን አልተወም፤ ልቡ ግን ከዒልሙ ራቀ። “ሸይኾቻችን ያስተማሩን ለገጠር፣ ሰዓት ላልነበረው ሰው ነው። ዛሬ አፕ አለ” ይል ነበር። አሁን ደግሞ አፑ ራሱ ሁለት ሆነ። ድምፁ ውስጥ የሰማነው ነገር አስፈራን፤ ነገሩ ሁሉ ግምት ነው ወደማለት የቀረበ ይመስል ነበር። ካምፓስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ዝም ያለ ስንት ወንድም፣ ስንት እህት እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የስልጤው ወንድማችን ብዙ አልተናገረም። “እንግዲህ ፀሐይ አለች፤ እንጨት ጫካው ሙሉ ነው። እንለካው” አለ።

ቀዩና ሰማያዊው

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ዛፎች ላይ ቀለም ተቀብቷል። ሰማያዊው የእግረኛ ምልክት ነው፤ ቀዩ የስኪ ነው። ቀለሙን የሚቀቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁለቱ ምልክቶች ብዙ ቦታ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ቦታ ግን ይለያያሉ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሰማያዊው ወደ ቀኝ ታጥፎ ድንጋያማውን ዳገት ያዘ። ቀዩ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ረግረግ ወረደ፤ ረግረጉን አልፎ ወደ ትንሽ ሐይቅ ገባ። ከሐይቁ ማዶ ዛፍ ላይ ያው ቀይ ቀለም ይታያል። ምልክቱ በውሃው ላይ ሂዱ ይላል ማለት ነው!

ቆመን ስናይ ባልዲ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ደረሱብን። ኖርዌዮች ከተማ ውስጥ የማያውቁትን ሰው ሰላም ማለት ብዙም አይወዱም፤ ጫካ ውስጥ ግን ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ሰላም ካሉን በኋላ ወደ ቀዩ ምልክት እያመለከቱ፣ “ጥር ላይ ብትመጡ በዚህ ነበር የምትሄዱት። ከሁሉም የሚሻለው መንገድ እሱ ነው” አሉን። እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ሲጋገር ጫካው ውስጥ ካለው ሁሉ የተስተካከለ ሜዳ ይሆናል። ረግረጉም ሲደርቅ በብርድ ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ያንን ከባድ ማሽን ይሸከማል። ዛፍ መቁረጥ የለ፣ ድንጋይ መፈለጥ የለ፣ ድልድይ የለ።

ሲቪል ለምንማር ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ሲባል ከሥር መሠረት አለው፤ ጠጠር፣ ገረጋንቲ፣ የተጠቀጠቀ አፈር። የዚህ መንገድ መሠረት ግን ብርድ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሲያልፍ መሠረቱ ከሥሩ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቀዩ ምልክት ውሸታም አይሆንም፤ የተነገረበት ሁኔታ አለው፣ ያንን የማያውቅ ሰው ግን ውሸታም ይለዋል። ይህንን ለወሎው ወንድማችን ማንም አልነገረውም፤ እሱው ራሱ፣ “ምልክቱ ትክክል ነው፣ ወቅቱ ነው የተለየው” አለ። እኛ ሰማን፤ ዝም አልን።

የአንድ ሜትር እንጨት

ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ከእንጨት የተሠራ አጭር ድልድይ ላይ ደረስን። የስኪ መንገድ ሰፊ ስለሆነ ጥዱ ፀሐይ አይከልልም። ጥላ ለመለካት ደግሞ የተስተካከለ ቦታ ያስፈልጋል። ግማሽ ውሃ ያለበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣውላው ላይ አጋድመን የውሃውን ልክ አየን፤ ድልድዩ ጠፍጣፋ ነበር። ወድቆ ያገኘነውን ደረቅ እንጨት ቁልፋችን ላይ በምትንጠለጠለው ትንሽ ሜትር ለክተን ልክ 1 ሜትር አደረግነውና በጣውላዎቹ መሐል ባለው ክፍተት ቀጥ አድርገን አቆምነው። የጥላውን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠጠር ምልክት እያደረግን ጠበቅን።

ጥላው እያጠረ መጣ፤ 7 ሰዓት ከ10 አካባቢ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና መርዘም ጀመረ። ዘዋል ማለት ይህ ነው። ዙህር ገባ። በጣም አጭር የነበረውን ጥላ ስንለካው 1.75 ሜትር ሆነ። በትሪጎኖሜትሪ ሲሰላ 1.73 ነው የሚወጣው፤ ኦስሎ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለች በዚያ ቀን የ60 ዲግሪ ታንጀንት ነውና። የጥላ ጫፍ ስለሚደበዝዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብንስት አይገርምም።

አሁን ወደ መድረሳ እንመለስ። የሶላት ወቅትን የተማርን ሁላችን እናስታውሳለን። የዙህር ወቅት አብቅቶ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው፤ “ከዘዋል ጥላ ውጭ”። ይህቺን የመጨረሻዋን ሐረግ ልጅ ሳለን በቃላችን ይዘናት ነበር እንጂ ለምን እንደተጨመረች አልጠየቅንም። ምክንያቱም አገራችን ላይ የምታመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ የ1 ሜትር እንጨት የዘዋል ጥላው 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከስንዝር ያንሳል። ኦስሎ ላይ ግን ጥላው ገና ከጅምሩ ከእንጨቱ ይበልጣል! ያቺን ሐረግ የማያውቅ ሰው እዚያ ዙህር የሚባል ወቅት አያገኝም፤ ዙህር በገባበት ቅጽበት ዐስር ገብቷል ሊል ነው። አዲስ አበባ ላይ ትርፍ የመሰለችን ሐረግ ኦስሎ ላይ ሶላቱን የምታቆም ምሰሶ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። 1.73 ላይ የእንጨቱን 1 ሜትር ስንጨምር 2.73 ሜትር፤ ይህ በሻፊዒይ መዝሀብ የዐስር መግቢያ ነው። በሐነፊ መዝሀብ በታወቀው አቋም ደግሞ የእንጨቱ ሁለት እጥፍ ነው የሚጨመረው፤ 3.73 ሜትር። የወሎው ወንድማችን ወረቀት አውጥቶ ፀሐይዋ ጥላውን እዚያ ለማድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት አሰላ። ሁለት ቁጥር ጻፈ፤ 10 ሰዓት ከ16 እና 11 ሰዓት ከ5። ስልኮቹን አወጣን። ሁለቱም እውነተኞች ነበሩ! አንዱ በሻፊዒይ፣ አንዱ በሐነፊ ተሞልቶ ነው እንጂ። አባቱ ያስቀሩት የነበረው ኪታብ የሐነፊ ነበር፤ በስልኩ ያልገባው ነገር በልጅነቱ ያነበበው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር።

ቡናማው ውሃ

ጥላው ሌላም ጥቅም ሰጠን። የዘዋል ጥላ ጫፉ ትክክለኛውን ሰሜን ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ለቂብላ ወደ ሰሜን ነው የምንዞረው፤ መካ በቀጥታ ልትባል በምትችል ሁኔታ ከበላያችን ናት። ከኦስሎ ግን ቂብላ ከሰሜን 139 ዲግሪ ዞሮ በደቡብና በምሥራቅ መካከል ነው። የኛን አገር ሰዎችም በዚያው አቅጣጫ ቅርብ ናቸውና ስንቆም ወደ ቤታችን የዞርን መሰለን።

ውዱእ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ከድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙ ግን እንደ ቀጠነ ሻይ ቡናማ ነው። ረግረጉ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸው የበሰበሰ ተክል ነው እንዲያ የሚያደርገው። “በዚህ ይቻላል ወይ? ቀለሙ የተለወጠ ውሃ አይደለም?” አልን። የስልጤው ወንድማችን የጠሃራን ምዕራፍ አስታወሰን። ውሃ በተኛበትና በሚፈስበት ቦታ ባለ ነገር፣ በአፈሩ፣ በላዩ በበቀለ አረንጓዴ ሽፋን፣ ለመጠንቀቅ በማይቻል ነገር ቢለወጥ ያው ንጹሕና አንጺ ነው። ይህንን የጻፉት ዑለማዎች የኖርዌይን ረግረግ አላዩም። ነገር ግን ውሃ ምን እንደሆነ፣ ሰው ምን እንደሚከብደው ያውቁ ነበር። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን ቦት ጫማችንን ጠዋት ውዱእ አድርገን ስላጠለቅነው እግራችንን አላጠብንም፤ በላዩ አበስን። ለነዋሪ አንድ ቀን ከሌሊቱ ይፈቀዳልና። “ሙሳፊር ስለሆንን እናሳጥር?” ያለም ነበር፤ ዳገት የወጣ ሁሉ ሙሳፊር አይደለም ብለን አራቱን ረከዓ ሰገድን።

የሰገድነው ከመንገዱ ወጣ ብለን ነው። ሰው በሚያልፍበት መንገድ መሐል መስገድ የተጠላ መሆኑን ተምረናል። በረዶ ባይኖርም መንገዱ መንገድ ነው፤ ብስክሌት ያልፋል፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ያልፋል። ሳናሰናክላቸው ዳር ሣሩ ላይ ሰልፍ ሠራን። የሚያልፉት ዝቅ ባለ ድምፅ እያወሩ አለፉ። ያ ሁሉ ጭንቀታችን፣ “ምን ይሉናል፣ ፖሊስ ይጠሩብን ይሆን” የሚለው፣ እዚያ ሣር ላይ ቀረ።

ኡሌቮልሴተር ላይ ዳቦ በቡና በላን። ቡናውን እንደ ቀጭን ነው ያፈሉት፤ ይቅር ይበላቸው። ከዚያ ስንወርድ ዐስር ደረሰ። ሐይቅ ዳር አንድ የተስተካከለ ቦታ አግኝተን እንጨቷን እንደገና አቆምናት፤ 2.73 ላይ ጠጠር አስቀመጥን። ጥላው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ሰዓት ያየ የለም። የወሎው ወንድማችን አዛን አለ። እሱ የሐነፊ ልጅ ነው፤ ከኛ ጋር በጀመዓ ለመስገድ ብሎ 50 ደቂቃ ሌላ አልጠበቀም። እኛም አልጠየቅነውም።

ለምን ነገርናችሁ?

ጉዞ አማረን ብላችሁ እንድትቀኑ አይደለም። የኛ ካምፓስም ዙሪያው ተራራ ነው፤ እንጨትም ጥላም አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ከመድረሳ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ ብዙዎቻችን ሁለቱን ዕውቀት በሁለት ኪስ እናስቀምጣለን። አንዱ ለፈተና ነው፤ ሌላው ለልጅነት። የልጅነቱ ኪስ ቀስ በቀስ ይረሳል። አፕ ስላለ፣ ዩቲዩብ ስላለ፣ የአገራችን መሻኢኾች ያስቀሩን ኪታብ ጊዜው ያለፈበት ይመስለናል። እዚያ ድልድይ ላይ ግን ሁለቱ ኪሶች አንድ ላይ ተከፈቱ። የታንጀንት ሠንጠረዡ ያለ ኪታቡ የትኛውን ርዝመት እንደምንፈልግ አይነግረንም ነበር። ኪታቡም ያለ እንጨትና ያለ ሜትር ስልኮቹን አያስታርቅም ነበር። አፑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ኪታቡን አንብበው ነው የሠሩት፤ ያላነበበው ተጠቃሚው ነው።

አፑን ሰርዙ አንልም። የምንለው፣ የቱ መዝሀብ እንደተሞላበት እዩ፤ ለምን እንደሚለያይ ጠይቁ፤ ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ኡስታዝ ሂዱ እንጂ ይዛችሁት አትራቁ ነው። በሃይማኖት ጉዳይ ያገኛችሁት ልዩነት ሁሉ ቅራኔ አይደለም። አንዳንዱ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱም የሚያደርስ፣ ሁለቱም የራሱ ሁኔታ ያለው። የትኛው እንደዚያ እንደሆነ፣ የትኛው እውነተኛ ስህተት እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ ደርስ አትተዉ።

ስለ ወሎው ወንድማችን ትጠይቁን ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጉዳዩ ብዙ አላወራም፤ እኛም አልነካካነውም። በሳምንቱ ግን አባቱ ጋ ደውሎ ሲያወራ ሰማን። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ “አባባ፣ ያ ኪታብ ቤት አለ? የት ገጽ ላይ ነበር ያቆምነው?” አላቸው።

በጀመዓችን የፊቅህ ደርስ ዘወትር ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሶላት ወቅቶች ምዕራፍ ላይ ነን። የ1 ሜትር እንጨቱን እኛ እናመጣለን፤ እናንተ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ። ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።